አንዲቷን መጽሐፍ ደጋግመው ያነበቡት የእትዬ ፍሬን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህታችን፣ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ፍሬን» የሚሏቸው የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ ከመካኒክ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። የቤቱ በኩር እሳቸው ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻው ወንድማቸው ነኝ። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ግማሹን ያርሙት ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። እግራቸው ፔዳል ላይ መድረስ ከጀመረ ወዲህ ግን ልባቸው መሪው ላይ ነበር። በሃያ አራት ዓመታቸው የማስተማር ፈቃድ አግኝተው በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም። በማሠልጠኛ መኪና ውስጥ በአስተማሪው በኩል ተጨማሪ ፍሬን አለ። እህታችን ተማሪው ስህተቱን ገና ሳያስበው ይረግጡታል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በዚህ ነው። አልተቀየሙበትም፤ «ከሆስፒታል ፍሬን ይሻላል» ይሉ ነበር።

ከዝምተኛው መነጽር ሠሪ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በሠርጉ ሰሞን ራስን ስለማሻሻል የምትመክር ቀጭን መጽሐፍ ሰጧቸው። «ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ» ይላሉ እስከ ዛሬ። እህታችን ያችን መጽሐፍ በየዓመቱ፣ መኪናቸው ዓመታዊ ምርመራ በሚገባበት ሳምንት፣ ከዳር እስከ ዳር ያነቧት ጀመር። ሰው «አይሰለችሽም ወይ?» ሲላቸው፣ «መኪና እንኳ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ሰውስ?» ብለው አፉን ያስይዙታል።

እውነቱ ግን መነገር አለበት። እህታችን ለረጅም ዘመን መጽሐፏን ያነቡ የነበረው ለእኛ ነው። በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ «ይህ ለባሌ»፣ «ይህ ለወንድሜ»፣ «ይህ ለጎረቤቴ» እያሉ ይጽፋሉ። እኔማ ስለ ስንፍናም፣ ስለ ሰዓት ማክበርም፣ ስለ ኩራትም በሚያወሱት ምዕራፎች ሁሉ አለሁበት። ምሳ ላይ አንዲት ቃል ተንፍሶ ሳይነበብለት የተነሣ ሰው የለም። እኛም እየሳቅን እናሳልፈው ነበር።

ልጃቸው ግን አልሳቀችም። ተድራ ከወጣች በኋላ፣ አንድ እሑድ ትዳሯ እየፈረሰ መሆኑን ልትነግራቸው መጣች። ገና አፏን ስትከፍት እናት መጽሐፏን ከመደርደሪያ አውርደው ስለ ጽናት የሚናገረውን ምዕራፍ ያነቡላት ጀመር። እስኪጨርሱ ጠበቀችና፣ «እማዬ፣ እኔ የመጣሁት ልነግርሽ ነበር እንጂ እንዲነበብልኝ አይደለም» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሌላ ከተማ ሄዳ ሥራ ያዘች። ሲደውሉላት አታነሳም። እህታችን በሰው ፊት አላለቀሱም፤ ነገር ግን ስልኩ ቢጠራ እንዳያመልጣቸው ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ቀረ።

በዚያ ዓመት መጽሐፏን ይጥሏታል ብለን ነበር። ወይ ፍንክች! የምርመራው ሳምንት ሲደርስ መነጽራቸውን አድርገው ከገጽ አንድ ጀመሩ። ስለ ማዳመጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስንት ዓመት ያነበቡት ምዕራፍ እኮ ነው! «ይህ ነገር ድሮም እዚህ ነበር እንዴ?» ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ። ባለቤታቸውም «ነበር» አሉ። እህታችን ላጲስ ፈልገው «ለባሌ» የሚለውን አጠፉት፤ ቀጥለው እኔን አጠፉኝ፤ ከዚያ ጎረቤታቸውን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል። አዲስ መጽሐፍ አንብቦ የሚለወጥ ሰው ሞልቷል። በቃል የሚያውቁትን ገጽ ለስንተኛ ጊዜ ገልጦ፣ በሃምሳ ዓመት ዕድሜ ራስን እዚያ ማግኘት ግን ምን ይሉታል? ጉድ ነው እንጂ!

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲሳሳት እግራቸውን ሰብስበው «አሁን ምን የሆነ ይመስልሃል?» ማለት ጀመሩ። በየወሩም አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ልጃቸው ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ በሩ አልተከፈተላቸውም። በኋላ ተከፈተ፤ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ብቻ ተወራ። የዚያን እሑድ ነገር ልጅቷም አላነሣችው፣ እሳቸውም አልነካኩት። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ። መጽሐፏን በየዓመቱ ማንበባቸውን አልተዉም፤ ለማንም ግን አላነበቧትም።

እህታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ልጃቸውም ፈቃድ ወስዳ መጥታ ከአልጋቸው አጠገብ አልተለየችም። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ያን እሑድ ልትናገረው የነበረውን ጀመረች። ከባሏ ጋር የሆነውን፣ ለምን እንደወጣች፣ ብቻዋን እንዴት እንደከረመች አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እኔና ባለቤታቸው በሩ ላይ ሆነን ሰማን። እህታችን ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር። ሆኖም ልጅቷ ዝም ባለች ቁጥር እጇን ጫን አድርገው «ከዚያስ?» ይሏታል። ታሪኩ እስኪያልቅ አንዲት ምክር ከአፋቸው አልወጣችም። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸውም ይኸው «ከዚያስ?» ነበር።

ባለቤታቸው፣ አንድያ ልጃቸው፣ እኛ ወንድሞቻቸውና በየመንገዱ የሚነዱ ተማሪዎቻቸው ቀርተናል።

እህት ዓለም፣ ይህችን እንኳ በአንቺታ ልበልሽ። ነፍስሽ ትረፍ። ልጅሽን እንደሰማሻት ፈጣሪ ይስማሽ።