የእናትሽ ዘጠኝ ሰዓት

ፀዳ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለማስተዋል፤

እንደምን ሰንብተሻል? የቤልጅየም ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እንዲህ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ አልሆነልኝም። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ከጎኔ አትለይም፤ ጆሮዋ ደግሞ ዘንድሮ ሹክሹክታም አያመልጠው። ስለዚህ ጽፌ ለአክስትሽ ልጅ ለሽታዬ እሰጣታለሁ፤ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወርደን ፀዳ አክስትሽ ቤት ነን፤ ለሐኪም እንዲቀርበን ነው። አንቺ የሄድሽ ጊዜ እናትሽ «ልጄ ተመልሳ ደጄን እስክትረግጥ፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም» ብላ ተሳለች። ስኳር ሲይዛት የንስሐ አባቷ መምሬ ህሩይ «ለታመመ ይቀላል፤ ቅመሺ» አሏት። እናትሽን እናኑን አታውቂያትም? «ስዕለቱ የልጄ ነው፤ እኔ ባጎድል በሷ ይመጣል» አለች። እንክብሉንም በውኃ መዋጥ ጾም ያስገድፋል ብላ ተወችው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ባዶ ሆዷን ውላ ስትለካ ስኳሯ ይጨምራል። እሷ ታዲያ «ጾሜ ቢጠላ ነው» ብላ ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አስረዘመችው። ስኳሩ በጨመረ ቁጥር እሷም ሰዓቱን ትጨምራለች። እኔ አምላክና እናኑ ሲነጋገሩ መሀል አልገባም ብዬ ዝም አልኩ፤ አሁን ይቆጨኛል። ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው ጎንደር ያደረስናት።

ሐኪሟ ሃና የምትባል ልጅ ናት። «አባባ፣ የስኳር ሕመምተኛ ያለ መድኃኒት ሲራብ የገላው ስብ ቀልጦ ደሙ ውስጥ ይገባል» አለችኝ። «ቅባቱ ሲበዛ ሰውነት እሱን እያነደደ ስኳሩን አልቀበልም ይላል፤ ጉበትም ከራሱ ስኳር ይጨምርበታል። እንደ እማማ ወልደው በጨረሱ ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል።» ይህን ስሰማ ያንቺ ትምህርት ትዝ አለኝ። የሴቶችን የደም ቅባትና ስኳር አጠናለሁ ስትይን፣ ሸጋ ነው ብለን መረቅንሽ እንጂ ምን እንደሆነ አልጠየቅንሽም። ልብሽ ከትምህርቱ እንዳይከፈል ብለን ሕመሟን ደበቅንሽ። የሰው አገር ሴት ስትመረምሪ የቤትሽን ሸሸግንሽ፤ ውስጥ ውስጤን የሚበላኝ ይኸው ነው።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ወደ ዘጠኝ ሰዓቷ ለመመለስ ብቻ እሺ አለች፤ ከዚያ በታች ወይ ፍንክች። እንቅልፍ ያበዛባታል፤ ቀኑም ይጠፋባታል። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምግቧንና እንክብሏን ይዤ እቀርባለሁ።

«አያ ነጋ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ዘጠኝ አለፈ።»

«ምነው ዛሬ ቀኑ ሮጠ?»

«እርጅና ነው የሚያስሮጠው።»

የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቷ ላይ እያለች ታምነኛለች። በትዳራችን ዋሽቻት አላውቅም ነበር። ስዕለቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝና በኔ ይቆጠር እያልኩ እጸልያለሁ።

ነይ አልልሽም፤ ትምህርትሽን ጨርሺ። እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅሽ፤ እንደ ሸኘንሽ በሰላም ትመልስሽ። ብቻ የመጣሽ ዕለት ዝም ብለሽ እንዳትገቢ፤ እናትሽ አሁን በድምፅሽ ብቻ ነው የምታውቅሽ፤ ከደጅ ጀምረሽ እየተናገርሽ ግቢ።

አባትሽ ነጋ አስናቀው