እማዬ መኪናው ላይ የወጣች ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ያ ሳልስ ተወህ? እዚያ አጥር ውስጥ ምን እንደሚያበሏችሁ፣ የምትተኛበትም ፍራሽ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ የእሷን ደህንነት ግን እንደወትሮው በአንድ መስመር ጽፌ ማለፍ አልችልም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ ልትሸጥላችሁ የምትገባው ሬሜዲዮስ ናት። አንብበህ ብትቀደው አልቀየምህም፤ ሳታነበው ግን አትቅደደው።

አድማውን ትተህ ወይን ለቀማ ከገባህ ስድስት ሳምንትህ ነው፤ እስከዛሬ አንድ ቃል አልጻፍኩልህም። ለምን እንዳልጻፍኩ ሳትሰማ አትቀርም። በኢሲድሮ ቲያትር አድማ ሰባሪውን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ። ኢሲድሮን ታውቀዋለህ፣ ትራክተር ጠጋኙን። ለአድመኞቹ የምንጫወተው በጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ነው። መጋረጃ የለን፣ የተጻፈ ቃል የለን፤ ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው አንገታችን ላይ ባንጠለጠልነው ካርቶን ነው። «ጌታው» አለ፣ «ደላላው» አለ። «አድማ ሰባሪ» የሚለውን ግን በጨዋታም ቢሆን አንገቱ ላይ የሚያስር ጠፋ። ያ ሁሉ ባለጢም ጎረምሳ ሲሸሽ እኔ እህትህ አሰርኩት። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንተን መስዬ ነው የተጫወትኩት። አልጋህ ሥር የተውከውን ባርኔጣ ደፍቼ፣ ሱሪህን በሁለት እጅህ ወደላይ እየጎተትክ የምትሄዳትን አካሄድ ሄድኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። የበሰበሰ ቲማቲም ወረወሩብኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ።

የእርሻው አለቃ በራችን ላይ የቆመበትን ቀን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቤቱ የእርሻው ቤት ነው፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ ካልገባችሁ አሮጊቷን ከነአልጋዋ መንገድ ላይ አወጣታለሁ ሲል እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አንተ ዞረህ እኔን አየኸኝ። እኔ ያልሰማሁ መስዬ መሬት ላይ ተንበርክኬ ካርቶን እቀባ ነበር። በማግስቱ አልጋህ ባዶ ሆነ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እየተባረሩ እኛን ያልነኩን ለምን እንደሆነ እማዬ ስትጠይቀኝ፣ ረስተውን ይሆናል አልኳት። አንተን ግን ለዶላር ብሎ የገባ ነው ብላ ስምህ በቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከለከለች። እኔም ካርቶኖቹን የምቀባው አንተ ባቆየህልን ጣሪያ ሥር ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት መኪናውን አስፋልቱ ዳር፣ እናንተ ወይን ከምትቆርጡበት ፊት ለፊት አቆምነው፤ የድምፅ ማጉያው ወደ ውስጥ እንዲሰማ። አንተ ምን ያህሉን እንደሰማህ ግን አላውቅም። እማዬ ቲያትር አይታ አታውቅም። ጎልማሳ ሰው ጭምብል አድርጎ ሲዘል ማየት ምን ይሠራልኛል የምትል ሴት ናት። ባርኔጣህን ደፍቼ ቀና ስል ከሴቶቹ መሃል ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ሰዉ አንተ ሆዳም፣ ውጣ እያለ ይጮሃል፤ አንዱ ቲማቲም ዓይኔ ላይ ፈነዳ። ያኔ እማዬ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣችና ጎማውን ረግጣ መኪናው ላይ ወጣች።

ጌታውን የሚጫወተው ኢሲድሮ የአሳማ ጭምብሉን እንዳደረገ፣ እማማ ኤውላሊያ ይወድቃሉ፣ ቲያትር እኮ ነው አላት። እሷም ቲያትር መሆኑን መች አጣሁት፣ አንተ አሳማ ዞር በልልኝ አለችው። ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። የምታየው እኔን አልነበረም። ልጄ፣ ማንን ብለህ ነው የገባኸው አለችኝ።

ወንድሜ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ይህን የጠየቀህ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ መኪናው ላይ ሕጋችን አንድ ነው፤ የተጠየቀ መመለስ አለበት። ሁልጊዜ ለዶላር ብዬ እጮህና ሰው ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ያ ቃል አልወጣ አለኝ። አንቺን ብዬ ነው እማዬ፣ መንገድ ላይ ሊጥሉሽ ነበር አልኳት። ድምፁ ያንተ ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

ከአጥሩ ወዲያ የወይን መቀሶቻችሁ ድምፅ ቆመ። እማዬ ካርቶኑን ከአንገቴ አውልቃ በራሷ አንገት አጠለቀችው። ማንበብ አትችልም፤ የተጻፈበትን ግን ታውቃለች። ወደ ሰዉ ዞራ፣ እሱ ባቆየው ጣሪያ ሥር ስተኛ የከረምኩት እኔ ነኝ፣ በሉ ወርውሩ አለች። ማንም አልወረወረም። ከፊት የነበረው ሽማግሌ ቲማቲሙን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ጳጳስ ሲባርክ አይቻለሁ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባንዲራ ይዞ ሲዘምር አይቻለሁ። እንደዚያች አጭር ሴት ያለ ግን አላየሁም። እዚያው መንበርከክ ነው ያማረኝ። ቲያትር የምንሠራው እኛ ይመስለን ነበር።

ካርቶኑን ሳታወልቅ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች፤ ሰዉም ተከተላት። አልጋውን እሷ ራሷ ጎትታ አወጣች። የልብስ ስፌት መኪናዋንና ድስቶቹን ሴቶቹ ተሸክመው የኢሲድሮ መኪና ላይ ጫኑት። አለቃው እየሮጠ መጥቶ አንቺ አሮጊት፣ ማን ውጪ አለሽ ቢላት፣ ቁልፉን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከታለት ሄደች። አሁን ከሌሎች አራት ቤተሰቦች ጋር የሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ወለል ላይ ነን። ባቄላው አልበሰለም እያለች ሰውን ሁሉ ታስጨንቃለች።

ያን ቀን አለቃው ያለውን ሁሉ ሰምቼ ነበር። መመለስ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ይቅር በለኝ። ሰኞ ጠዋት የእርሻው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ከእንግዲህ በጉልበትህ የምታቆመው ጣሪያ የለም። ሰኞ ተመልሰህ ከገባህ የምትገባው ለራስህ ብለህ ነው። እማዬ ምን ልጻፍለት ስላት ብዙ አሰበችና፣ ቤት የለንም በይው፣ መጥቶ አብሮን ቤት ይጣ አለች።

የጓዳሉፔዋ እመቤት ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ፤ እጅህንም እግርህንም ትባርክልህ።

እህትህ