ያላስጨረስሃቸው ሽማግሌ

ልጄ ባምላክ፣ በጣና ወጀብ ታንኳ የሚያሻግር አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን፤ ዘንዘልማ የምንሠራው ቤትም ቆርቆሮ ተመታለት።

እሑድ ጎረቤቱን ጠርቼ በዜናው ላይ የምትመራውን ውይይት በቴሌቪዥን አየን። ከስተሃል፣ ልጄ። የወገንህን ሰው እየሳቅህ አዳመጥኸው፤ በሐሳብ የተለዩህን ሽማግሌ ግን «አንተ» እያልህ አንድ ነገር እንኳ አላስጨረስሃቸውም። አባትህ ድምፁን ቀነሱት። እሳቸው የተማሪን ቅኔ፣ የተበላሸ ቢሆን እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ሰምተው ነው የሚያርሙ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አድገህ የለ?

«ጩህ» የሚሉህ አለቆችህ እንደሆኑ አላጣሁትም። ቢሆንም እኒያን ሽማግሌ እንደገና ጥራቸው፤ «እርስዎ» በላቸውና ይጨርሱ። አንደበትህን ይባርክልኝ። ያን ዕለት እኔም ጎረቤቱን እንደገና እጠራለሁ።

እናትህ ፅጌ ማርያም