ሙናን ሒሳብ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ አሉ

ዘሀራዬ፣ አላህ ይዘንልሽ። አንቺን ካፈር ካገባን ማሽላው ሁለቴ ታጨደ። በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ይህን የምጽፍልሽ ስላኮረፍኩሽ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ዘንድሮ ጎርፉ ማሳችን ድረስ መጥቶ ማሽላውን አጠጣልን። የጓሮውን በር ጠግኜዋለሁ። ጠግኜዋለሁ ስልሽ ልጅሽ ጠገነው ማለቴ ነው።

የልጅ ልጃችን ሙና ግን ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ላትመለስ ጓዟን ጠቅልላ ነበር። አናሊስስ የሚሉት ሒሳብ አንገቷን አስደፋት። መልሱን ታገኛለች፤ አስተማሪው ግን በየመስመሩ ዳር በቀይ «በምን ታወቀ?» ይጽፍባታል። ተሰልፈው የሚሄዱ ቁጥሮች ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋሉ ስትለው «ምን ያህል ይጠጋሉ? ከስንተኛው ጀምሮ?» ይላታል።

ላስቃት ብዬ ያንን ጉድ አወራሁላት። ጎረቤታችን ሰይድ ቤት ጫት ስቅም ውዬ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ነበርኩ ያልኩሽን። «ወላሂ!» ብልሽ «ወላሂን ተወውና፣ በምን ታወቀ?» አልሽ። ቀጠልሽ፤ «እሺ፣ ስብሰባ ነበረ እንበል። ስብሰባ ካለ ሊቀመንበሩ እዚያ ነው። ታዲያ እኔ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሲያወራኝ የዋለው ማነው?» አለቀልኝ።

ሙና ሳቋን አቋርጣ ደብተሯን አወጣች። በሒሳባቸውም እንዲህ ያለ ማስረጃ አለ አሉ፤ ውሸቱን እውነት ይሁን ብሎ ተቀብሎ፣ ከራሱ ጋር እስኪጋጭ መንዳት። ክረምቱን ሙሉ እያንዳንዷን መስመር አንቺ ፊት ቆማ እንደምትመልስ አድርጋ ጻፈች። ተመልሳም የወደቀችበትን ፈተና ደገመችው፤ አለፈች። ትናንት ከቆቦ ፖስታ ቤት ደብዳቤዋን አመጡልኝ፤ «አባባ፣ ያሳለፈችኝ እማማ ናት» ትላለች።

እኔስ? በጣቶቿ መቁጠር ያስተማራት ማነው? እኔ ባልዋሽ አንቺ ምን ትጠይቂ ነበር? እዚያ ተኝተሽ ምስጋናውን ትወስጃለሽ፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሰላምታ ብቻ!

ብቻ ልጅቱ ስትመጣ ጥያቄሽን እኔ እጠይቃታለሁ፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። አንቺ ዘንድም በየጁምዓው እየመጣሁ አንዳንድ ውሸት እነግርሻለሁ፣ እንደ ድሮሽ እንድትይዢኝ። የዛሬው ይኸውልሽ፤ ምንም አልቀናሁብሽም፣ ደግሞም አልናፈቅሽኝም።