ፀዲን ስጠራት አትዞርም

ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ሚደቅሳ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የነቀምቴ ብርድ ቀለል አለልዎት? የእማዬስ ደም ግፊት? እኔና ባለቤቴ ገዳ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። የልጃችንን የፀዲን ነገር ግን በስልክ ልነግርዎት ብሞክር ስላቃተኝ ይኸው ጻፍኩልዎት።

አባባ፣ አንድ ሕልም እየተመላለሰ አስጨነቀኝ። ሜክሲኮ አደባባይ ነኝ፤ ፀዲ ከፊቴ ትሄዳለች። «ፀዲ! ፀዲዬ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ አትዞርም። ታክሲ እየበረረ ሲመጣ እሷ አስፋልቱ ውስጥ ትገባለች። በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። መተኛት ራሱ አስፈራኝ። ገዳ «ሐሳብ ነው፣ ተይው» አለኝ። ጎረቤታችን ሸዋዓለም «ጠበል ውሰጃት» አለችኝ። እኔ ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ከቤት አላስወጣትም አልኩ።

አንድ ጠዋት ፀጉሯን ልሠራት ከኋላዋ ተቀምጬ «ማበጠሪያውን አቀብዪኝ» አልኳት። ዝም። ደገምኩላት፤ አሁንም ዝም። ለካ ሕልሙ ገና ስለሚመጣው አልነበረም የሚነግረኝ፤ ቀን ቀን በዓይኔ እያየሁ የማልፈውን ነው። ቴሌቪዥኑን ስታስጮህ፣ አስተማሪዋ «ክፍል ውስጥ ትፈዛለች» ስትለኝ፣ ሳወራት አፍ አፌን ስታየኝ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ነቅቼ ለማመን የፈራሁትን ተኝቼ ነው ያየሁት።

በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ መርምራት ሁለቱም ጆሮዎቿ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል አለች። በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ምን ያህል እንደምትሰማ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚታወቀው። ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው። ገዳ ሰው ፊት ይስቃል፤ ሻወር ቤት ገብቶ ሲያለቅስ ግን ሰምቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ማደንዘዣው ያስፈራኛል፤ ብትተኛና ባትነቃብኝስ እላለሁ። አባባ፣ እባክዎ በጸሎት ያስቧት።

ትናንት ማታ እንደ ልማዴ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ስጸልይላት ፊቴን ስታይ ቆየችና «ማሚ፣ ስትጸልዪ ድምፅ አለሽ እንዴ?» አለችኝ። አቀፍኳት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ኢዶሳን፣ ሚስቱን ትዕግሥትን፣ ሕፃኗንም ሰላምን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። ፀዲ እጅዎን ትስማለች።

ልጅዎ እንዳለች
ልደታ፣ አብነት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.