በስሜ ለተቀበርሽው

ካርቱም፣ ዴም
ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ውድ የሻሽወርቅ፣

መሞቴን የሰማሁት ባለፈው ሰኞ፣ የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ነው። የመውጫ ቪዛ ልጠይቅ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን፣ ይዤ ሄጄ ነበር። መንገዴ ወደ አይከል፣ ወደ እናትሽ ነው። ሞትሽ እስከ ዛሬ አልተነገራትም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንቺም ብትሆኚ አታደርጊውም። በደወለች ቁጥር ከአሠሪዎችሽ ጋር ፖርት ሱዳን ሄደሻል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም እያልን እንዋሻለን። በመጨረሻ የዴም ሐበሾች ማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወልደሥላሴና ሌሎቹ አባላት፣ እኔ ሄጄ ለሰፈሯ ሽማግሌዎች እንድነግር፣ ከዚያም ጠዋት አብሬያቸው ቤቷ እንድገባ ወሰኑ።

መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ኦመር ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው። ቁጥሬን መታው፤ ደግሞ መታው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የዚህ ካርድ ባለቤት ነሐሴ ላይ ሞታለች። ሐኪም ቤቱ ነው የላከው» አለኝ።

ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ አልኩት።

«እኔማ አየሁሽ። የሚያስወጣሽ ግን ሲስተሙ ነው። ኻላስ፣ አለቀ።»

ያን ቀን ትዝ አለኝ። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጥሽ፣ ወደ ሐኪም ቤት በተሳፈርንበት ረክሻ ውስጥ ካርዴን እጅሽ ላይ አድርጌ፣ ሲጠይቁሽ እጅጋየሁ ነኝ በይ አልኩሽ። በዚያ ሁሉ ሕመም ሳቅሽ አልጠፋም፤ «ስምሽን እወስዳለሁ፣ ዕድሜሽን ግን ለራስሽ ያዢው» አልሽኝ። በዴም ኢቃማ ያለው ለሌለው ያውሳል፤ ሁላችንም የኖርነው እንደዚያ ነው። የኔነሽ የወለደችው በእኔ ካርድ ነው። ቤቲም የተሰበረ እጇን ያሳሰረችው በእኔው ነው። ፎቶውን አይቶ የጠየቀ አልነበረም፤ ለእነሱ ሐበሻ ሁሉ አንድ ፊት ነው። ድሮ ደግሞ የሐኪም ቤት ወረቀት እዚያው ሐኪም ቤት ይቀር ነበር። አሁን መሥሪያ ቤቶቹን ሁሉ በኮምፒውተር እንዳገናኟቸው ማን ነገረን? መረጃ እየሰበሰብን መድኃኒት ወደሚያስፈልገው ሰፈር እንልካለን ብለው በቴሌቪዥን ሲናገሩ እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኦመር አዘነልኝ መሰል ስክሪኑን አዙሮ አሳየኝ። ወልጃለሁ፤ እጄ ተሰብሯል፤ በአንድ ክረምት ስንቴ ወባ እንደያዘኝ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ሳያስብ አንድ ነገር ነገረኝ። በእናንተ ሰፈር የሚታመሙት የውጭ ዜጎች ጥቂት ናቸው፣ እነዚያው ሰዎች ናቸው የሚመላለሱት አለ። ሲስተሙ ይህን ቆጥሮ ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ክሊኒክ የወባ መድኃኒት እንዲቀነስ፣ ትርፉም ሌላ ቦታ እንዲሄድ አድርጓል። የሻሽዬ፣ ያን ቀን ክሊኒኩ መድኃኒት የለንም ብሎ የመለሰን ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። አንድ ካርድ ለስንት ሰው ስናውስ፣ ማሽኑ ዴም ውስጥ ሰው የለም ብሎ ደመደመ። ትልቁ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ደግሞ አንቺ አልጠበቅሽም፤ እዚያም እጅሽ ላይ ያገኙትን ካርዴን አይተው እጅጋየሁ ሞተች ብለው መዘገቡ።

አንጀቴ አርሯል። እውነቱን ብናገር በማጭበርበር እታሰራለሁ፤ ኢቃማውን ያወጣልኝ አሠሪዬ አብዱልወሃብም አይቀርለትም። ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ተሰልፌ፣ በየጊዜው እያሳደስኩ፣ አንድ ቀን ሳላጎድል የኖርኩት ሴት ሞቻለሁ። በአንቺም ተናድጃለሁ፣ አልዋሽሽም። ተይው፣ ተይኝ ብለሽ ቀድመሽኝ ሄድሽ። የቀብር ፈቃዱ ሳይቀር በእኔ ስም ነው የወጣው። ደግነቱ ቄሱ የፈቱሽ በክርስትና ስምሽ ነው፤ እሱን እስካሁን ማንም አልመዘገበውም።

መላውን ያመጡት ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው። «ልጄ፣ የሻሽወርቅን እዚህ አገር የመዘገባት የለም። ያልተመዘገበ ደግሞ አይሞትም። በእሷ ስም ውጪ» አሉኝ። ሁለት ምስክር ቆመ፤ ያለፈቃድ ገብታ ወደ አገሯ የምትመለስ ተብሎ፣ በአንቺ ስምና በእኔ ፎቶ የመመለሻ ወረቀት ወጣ። የመውጫ ማህተሙን የመታው ኦመር ራሱ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። «ያላ የሻሽወርቅ፣ መዓ ሰላማ»፣ በይ በሰላም ግቢ ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። አንድ ቀን ተሰልፈሽ የማታውቂው አንቺ ያለ ምንም ጣጣ ተሸኘሽ።

ነገ በገዳሪፍ አድርጌ መተማ እገባለሁ። እዚያም የሻሽወርቅ ገባች ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ አይከል ደርሼ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ከእነሱ ጋር እናትሽ ደጅ እቆማለሁ። ልጅሽ በሰላም አገሯ ገብታለች የሚለው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ፣ እኔ ሞታለች እላታለሁ።

እህትሽ
እጅጋየሁ