የቀመሪያ ሻንጣ

ቀመሪያ፣
መኪናው ሊነሳ ስለሆነ አላስረዝምም። ዱባይ ሄጃለሁ።

ሻንጣሽን ወስጃለሁ። ዱባይ ልሄድ ነው እያልሽ ሦስት ዓመት አሽገሽ ያስቀመጥሽውን ልብስ አልጋሽ ላይ ዘርግቼልሻለሁ። ያንን ወፍራም ሹራብ ምን ብለሽ እንደከተትሽው እንጃ፤ ስለ ዱባይ በረሃ ፀሐይ ለሲቀላ ሰፈር ሰው ሁሉ ስታስተምሪ የከረምሽው እኮ አንቺ ነሽ።

ነገ ውሃ ስለሚመጣ ጀሪካኖቹን ሙዪ።
ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ዓሣ ዛሬውኑ ጥበሺው።

ለጎረቤት አልተናገርኩም። አንቺን ሁለት ጊዜ አልቅሰው ሸኝተውሽ፣ ሁለቴም በሳምንቱ ሱቅሽን ከፍተሽ አገኙሽ። ለእኔ የተረፈ እንባ የላቸውም።

ሻንጣውን ብጠይቅሽ እንደምትሰጪኝ አውቃለሁ። መርቀሽ፣ እያለቀስሽ ትሰጪኝ ነበር።
እሱን ነው ያልፈለግኩት።

እህትሽ ናዕማ